ጋሽ ኦይሳ ያመኑኝ ሰኞ

የጋሽ ኦይሳን መርዶ የነገረችኝ የማዋለጃ ክፍሏ ነርስ ናት። በሩን ሳታንኳኳ ብቅ ብላ «ሰማሽ? ጋሽ ኦይሳ አረፉ። ስኳሩ ነው አሉ። ቀብሩ ነገ ኦቾሎ ነው» አለችኝ። እኔ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ በመስኮት ወደ በረቱ አየሁ። የላቦራቶሪያችን በግ ተኝታ ታመነዥካለች። አርጅታለች፤ ጥርሷ ረግፎ ሣሩን እኔ ነኝ የምከትፍላት። የሰው መርዶ ሰምቶ ወደ በግ የሚያይ ሰው ደህና አይመስልም፤ ነርሷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

ስለ ሞተ ሰው መልካም መልካሙን ማውራት ወግ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ጋሽ ኦይሳ ክፉ ነበሩ። በሆስፒታላችን እሳቸው ያላስለቀሱት የላቦራቶሪ ሠራተኛ አልነበረም። እኔን ያስለቀሱኝ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ቀኑን ሙሉ ስለፋበት የዋልኩትን አርባ ፕሌት አንድ በአንድ ብርሃን ላይ እያነሱ አዩና ሁሉንም ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። «ምን አጠፋሁ ጋሼ?» ብላቸው፣ «ስትሠሪ ታወሪ ነበር» አሉኝ። ያለቀስኩት ሽንት ቤት ገብቼ ነው። ስወጣ በሩ ላይ ቆመው «ጨረስሽ? እጅሽን ታጠቢና እንደገና ጀምሪ» አሉኝ።

ሥራችን ይህ ነው፤ ከበሽተኛ ቁስል ወይም ሽንት የተወሰደውን ናሙና መዳፍ በምታህል፣ ክዳን ባላት ሳህን ላይ እንዘራለን። ፕሌት የምንላት እሷን ነው። ባክቴሪያው በማግስቱ በቅሎ ይገኛል። ከዚያ መድኃኒት የጠጡ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጥበታለን። ባክቴሪያው ከወረቀቷ ሸሽቶ ዙሪያዋን ባዶ ከተወው መድኃኒቱ ይሠራል። ወረቀቷ ሥር ድረስ ተጠግቶ ከበቀለ ደግሞ መድኃኒቱን ለምዶታል ማለት ነው። የሸሸበትን ክብ በማስመሪያ እንለካለን። የጋሽ ኦይሳ ማስመሪያ ከደረት ኪሳቸው አትለይም ነበር። ከመለካታቸው በፊት ጋውናቸው ላይ ሦስት ጊዜ ይጠርጓታል። ከለኩ በኋላ ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ጠረጴዛውን በማስመሪያዋ አንዴ ቸብ ያደርጋሉ። ያቺን ቸብታ ስንሰማ ማንም አያወራም።

ከሁሉ የሚጠሉት መድኃኒት አቋራጭ ነው። አንዲት እናት ለልጇ የታዘዘውን እንክብል ግማሹን አስቀርታ፣ በሌላ ጊዜ ለሌላው ልጅ ሰጥታው መጣች። የሁለተኛው ልጅ ቁስል እምቢ ብሏል። ጋሽ ኦይሳ ሴትዮዋን አስጠርተው ፕሌቱን አሳዩዋት። «ይሄ ያንቺ ነው። ባክቴሪያውን በግማሽ መድኃኒት አስተማርሽው፤ አሁን ሌላው ልጅሽም ላይ መድኃኒቱን ያውቀዋል» አሏት። ሴትዮዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወጣች። «ምስኪን ናት እኮ፣ ምን ታውቃለች» ብላቸው፣ «አሁን አወቀች» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። ለሐኪሞቹም አይመለሱም። ለመዱ ለተባሉ ባክቴሪያዎች ብቻ ተብሎ የተቆለፈበት አንድ ውድ መርፌ አለ፤ ያለ ጋሽ ኦይሳ ፊርማ አይወጣም። አንድ ስፔሻሊስት ያለ ውጤት ይውጣልኝ ብሎ ሲጮህባቸው፣ «ዶክተር፣ ባክቴሪያው ዲግሪዎትን አላየም» አሉት። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ሰማ።

እንዲህ ያሉት ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅ ይሆኑ ነበር። አፈር ይዘው ይመጣሉ። በክብሪት ሣጥን፣ በላዩ የቦታው ስም ተጽፎበት፤ የኦቾሎ እንሰት ሥር፣ የዓባያ ዳር፣ ዶርዜ ፈርሶ የተተወ ቤት ወለል። አፈሩን በውኃ በጥብጠው ፕሌት ላይ ይዘሩታል፤ አጠገቡ መጥፎ ባክቴሪያ ያደርጋሉ። ከአፈሩ የበቀለ ነገር ያንን ባክቴሪያ ገፍቶ ክብ ባዶ ቦታ ከሠራ አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ይሄ ሁሉ መድኃኒት ከአፈር ነው የወጣው» ይሉኛል። «አፈር ውስጥ ያሉት ነገሮች እርስ በርስ ሲጋደሉ ነው የኖሩት። እኛ መሣሪያቸውን ሰረቅን። የሰረቅነውን በየሱቁ በትነን ጨረስን። ሌላ መስረቅ አለብን።» እኔና ነርሷ «ጋሼ፣ ዛሬ የማንን ጓሮ ቆፈሩ?» እያልን እናሾፍባቸዋለን። ሃያ ዓመት ቆፍረው አንድም የረባ አላገኙም።

በጓን የገዟት እሳቸው ናቸው። አንዳንዱ ባክቴሪያ ቅምጥል ነው፣ ፕሌቱ ውስጥ ደም ካልተጨመረለት አይበቅልም። ደሙ ደግሞ የበግ ነው። ከአንገቷ በመርፌ ትንሽ ትንሽ እንቀዳለን፣ ምንም አትሆንም። ጋሽ ኦይሳ አማርኛቸው ላይ ሴቱንም ወንዱንም እንስሳ በአንድ ይጠሩ ነበርና ለእሳቸው «ይሄ በግ» ነው። ስለ «ይሄ በግ» ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ስም አይወጣለትም። «ስም ካወጣሽለት ትወጂዋለሽ። ከወደድሽው ታክሚዋለሽ።» ሁለተኛው፣ ቢታመም ይሞታል እንጂ መድኃኒት አይወጋም። የወጋሽው ከደሙ ጋር ፕሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ፕሌቱ ራሱ ባክቴሪያ ይገድልና ይዋሽሻል።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ግን የጋሽ ኦይሳ ሕግ ሁሉ ጭካኔ ይመስለኝ ነበርና በጓን በድብቅ ዘቢብ አልኳት። ስጠራት ትመጣ ነበር።

የዛሬ ሰባት ዓመት ሐሙስ ቀን ጋሽ ኦይሳ ታላቅ ወንድማቸው ሞተውባቸው ወደ ኦቾሎ ወጡ። ሲሄዱ ጣታቸውን ቀስረው «አዲስ ፕሌት ከሠራሽ ፈትሺ» አሉኝ። ፍተሻው ቀላል ነው። ፍሪጅ ውስጥ የምናኖራት አንዲት ደካማ ባክቴሪያ አለች። አዲሱ ፕሌት ላይ ትዘራለች፤ ከበቀለች ፕሌቱ ደህና ነው።

ዓርብ ጠዋት ዘቢብ መነሣት አቃታት። አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ስትተነፍስ ጎኗ ይንቀጠቀጣል። ስጠራት ቀና ብላ አይታኝ እንደገና ራሷን ጣለች። አላስቻለኝም። ሲቀላ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ የእንስሳት ሐኪም ይዤ መጣሁ። ፔኒሲሊን ወጋት፣ ቅዳሜም ደገመላት። ሁለት ሳምንት ደሟን አልነካም አልኩ፤ ፕሌት ሞልቶናል፣ ማን ያውቃል? ጋሽ ኦይሳ ሲመለሱ ቆማ ያገኟታል፣ እኔም ደግ ሰው እሆናለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከበጓ ይልቅ እሳቸውን ለማሸነፍ ነበር።

ቅዳሜ ከሕፃናት ክፍል ናሙና በናሙና ላይ መጣና ፕሌቱ አለቀ። እሑድ ጠዋት አስቴር የምትባል አራስ ከምዕራብ ዓባያ በአምቡላንስ ገባች። ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ሰውነቷ ይነዳል። ናሙና ተወሰደላትና ወዲያው ፔኒሲሊን ተጀመረላት። ናሙናው ለእኔ መጣ። ፕሌት የለም። ያለችው በግ ዘቢብ ብቻ ናት። ሁለት መርፌ ምን ያህል ነው፣ የሚጨመረውም ደም ጥቂት ነው፣ ብዬ ቀዳሁባት። ፕሌት ሠራሁ፣ የአስቴርንም ዘራሁ። ያቺን ደካማ ባክቴሪያ ግን አልዘራሁም። ረሳሁ ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። ባትበቅልስ ብዬ ፈርቼ ነው።

ሰኞ ጋሽ ኦይሳ ፀጉራቸውን ተላጭተው መጡ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሰዋል። የአስቴርን ፕሌት አንሥተው ብርሃን ላይ አዩ። ግራጫ ነገር በቅሎበታል።

«አዲስ ፕሌት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ፈትሸሻል?»

«አዎ።»

በሌላ ቀን ቢሆን «አሳዪኝ» ይሉ ነበር። አሳዪኝ ሳይሉ ያለፉበት ቀን አልነበረም። የዚያን ቀን ዓይናቸው ቀልቶ፣ ፕሌቱን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ «ጎበዝ» አሉኝ። ጎበዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ለኩ፣ ጠረጴዛውን ቸብ አደረጉ፣ ፈረሙ። የበቀለው ፔኒሲሊን የለመደ፣ ከተቆለፈበት መርፌ በቀር ሁሉን የለመደ ባክቴሪያ ነበር። ሐኪሙ በውጤቱ ሠራ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ፔኒሲሊኑን አቆመና ውዱን መርፌ ጀመረላት። «ፔኒሲሊን ይቁም» ሲባል እዚያው ነበርኩ። ለመናገር አፌን ከፈትኩና ስለ ጓንት እጥረት አወራሁ።

አስቴር ሐሙስ ሞተች። ሴት ልጇ ተረፈች።

ዓርብ ጋሽ ኦይሳ ከወንድማቸው መቃብር ያመጡትን አፈር በዚያው በተረፈው ፕሌት ዘሩት። ደካማዋን ባክቴሪያ ዙሪያውን ቀቡት። ቅዳሜ ጠዋት ስገባ ሲዘምሩ ደረስኩ። ጋሽ ኦይሳ፣ በጋሞኛ፣ ጮክ ብለው! «የሶዶ ልጅ፣ ነይ! ነይ እዪ!» በትውልድ ከተማዬ ነው የሚጠሩኝ። ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ከአፈሩ አንዳች ነጭ ነገር በቅሏል፣ ባክቴሪያዋ ግን አንድም ቦታ የለችም። «እስከ ዳር! እስከ ዳር ገደላት! ሃያ ዓመት!» እያሉ ይስቃሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ «ወንድሜ ነው የሰጠኝ» አሉ። እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ። በሆዴ ግን አውቄያለሁ።

ሲበርድላቸው እንደ ልማዳቸው ጥርጣሬ ገባቸው። ከዚያው ከሠራሁት አፈር የሌለበት ፕሌት ወስደው ባክቴሪያዋን ብቻዋን ዘሩ። ሰኞ ከፈቱት። ምንም አልበቀለም። ፕሌቱን ብዙ አዩት። ክዳኑን ከደኑና ወደ በረቱ ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ዘቢብ ድና ሣር ትግጣለች። ጭኗን በእጃቸው ዳበሱ፤ መርፌው ያበጠበት ቦታ ላይ እጃቸው ቆመ።

ተመልሰው ገቡ።

«ምን ወጋሽው?»

«ፔኒሲሊን።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለቴ።»

ተቀመጡ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፤ ቢጮሁ ምናለ! ቀስ ብለው፣ ለተማሪ እንደሚያስረዱ፣ የሆነውን ለራሴ መልሰው ነገሩኝ። የአስቴር ገዳይ ደካማ፣ ቅምጥል ባክቴሪያ ነው። የማንም ጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን ይገድለዋል። የበጓ ደም ግን ፕሌቱ ላይ ቀድሞ ገደለውና ሳናየው ቀረን። ያየነው ሰውነቷ ላይ ሳይጎዳት የሚኖረውን፣ መድኃኒት የለመደውን ሌላውን ነው። እሱን ለመግደል ብለን ፔኒሲሊኑን ነጠቅናት፤ በምትኩ የሰጠናት መርፌ ደግሞ ገዳይዋን አይነካውም። «በጉ በዳነበት መድኃኒት ነበር የምትድነው» አሉኝ። «ለበጉ ሰጠሽው። እሷን ግን እኔ ቀማኋት።»

«ጋሼ፣ ይቅር...»

«ዝም በይ። ለሃያ ዓመት አሳዪኝ ያላልኩት አንዴ ነው። አንቺን።»

በማግስቱ ምዕራብ ዓባያ ሊሄዱ ተነሡ። ጋሞ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቀመጥም፤ ያልተነገረ ጥፋት ወደ ልጅና ወደ ከብት ይተላለፋል ብለው ያምናሉ። ጋሽ ኦይሳ የወንጌል አማኝ ቢሆኑም በዚህ በዚህ የኦቾሎ ሰው ናቸው። «እኔ ስለ ፊርማዬ እናገራለሁ» አሉኝ። «ሳልፈትሽ ፈረምኩ እላለሁ። የበጉንና የውሸቱን የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ዛሬ ነይ አልልሽም። አልጎትትሽም። በራስሽ እግር ስትሄጂ ነው።»

ማታ የተመለሱት ሁለት እጅ ሙዝ ይዘው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ባሏ ነው የሰጠኝ፤ ማርቆስ ይባላል። ሙዝ ነው የሚያለማው። እውነቱን ስለነገሩኝ ባዶ እጅዎን አይሂዱ አለኝ። ብዪ።» አላነሣም ስል ልጠው ሰጡኝ። አፌ ውስጥ እስክጨርስ ፊቴ ቆመው አዩኝ።

አለቆቹ ሳይፈትሹ መፈረማቸውን ሲሰሙ ጋሽ ኦይሳን ላቦራቶሪ እንዳይገቡ አድርገው ካርድ ክፍል መደቧቸው። በቦታቸው የተተካው ማን ይመስላችኋል? የባክቴሪያ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ደብዳቤው ላይ ስለ ጥንቃቄዬ ተጽፎልኛል። ለጋሽ ኦይሳ የቀረቻቸው አንዲት ትእዛዝ ነበረች። «ይሄን በግ ማንም እንዳያርደው። በስሙ እየጠራሽ አንቺ ታበይዋለሽ» አሉኝ። ስሟን ከየት እንደሰሙ እንጃ።

ካርድ ክፍሉ በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር ከመዝገቡ ቀና ይሉና «የሶዶ ልጅ፣ ምዕራብ ዓባያ ወረድሽ?» ይሉኛል። «ገና ነኝ ጋሼ» እላለሁ። መቆጣትም የለ፣ መገሠጽም የለ፤ ወደ መዝገባቸው ይመለሳሉ። ጡረታ ወጥተው ኦቾሎ ከገቡም በኋላ በየመስቀሉ ይደውሉልኝ ነበር። እንኳን አደረሰሽ፣ በጉ ደህና ነው፣ ምዕራብ ዓባያ ወረድሽ? ገና ነኝ ጋሼ።

መንገዱ እኮ ጠፍቶኝ አይደለም! ሶዶ ወላጆቼ ጋ ስሄድ አውቶብሱ የሚያልፈው በምዕራብ ዓባያ ነው። ሙዝ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ስቤ የተኛሁ እመስላለሁ። ለሰባት ዓመት፣ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር፣ እዚያች ከተማ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለፈው መስቀል ጋሽ ኦይሳ ደውለው እንኳን አደረሰሽ አሉኝ፤ ስለ ምዕራብ ዓባያ ግን አልጠየቁኝም። ረሱት ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ቀብሩ ላይ ሰው ገደሉን ሞልቶት ነበር። ዘማሪዎቹ በጋሞኛ ያዜማሉ፤ ከታች ዓባያ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ከቀባሪዎቹ መሃል አንድ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ የሰባት ዓመት ልጅ እጅ ይዘው ቆመዋል። ማን እንደሆኑ አንድ ሰው ጠይቄ አረጋገጥኩ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እግሬ ወደ እሳቸው ወሰደኝ። ጋሽ ኦይሳ ሞቱ፤ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም፤ እንግዲያው ምን አስኬደኝ? አላውቅም። ብቻ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ዘቢብን፣ መርፌውን፣ ያልዘራኋትን ባክቴሪያ፣ አዎ ያልኩትን። አቶ ማርቆስ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«የሶዶዋ ልጅ» አሉ።

«ያውቁኛል?»

«አንዲት የሶዶ ልጅ ትመጣለች፣ የምትነግርህ ነገር አላት ብለውኝ ነበር። ምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ስትመጣ ይቅር በላት ብለው ለመኑኝ። እሳቸው ሰው ይለምናሉ? እኔን ለመኑኝ።» የልጅቷን ነጠላ አስተካከሉ። «እሺ አልኳቸው። ለእርስዎ ስል፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ ከመጣች ይቅር እላታለሁ፣ ብዬ ቃል ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ገበያ በወረዱ ቁጥር መጣች? ይሉኛል። አልመጣችም እላቸዋለሁ። ባለፈው ወር በሽታው ጠንቶባቸው፣ በሰው ተደግፈው ወርደው፣ መጣች? አሉኝ።»

«አቶ ማርቆስ...»

«አሁን ለማን ብዬ?»

ልጅቷ ጋቢያቸውን ሳብ አድርጋ፣ ይቺ ሴትዮ ማን ናት፣ ብላ በጋሞኛ ጠየቀቻቸው። ጋሞኛና ወላይትኛ ብዙ አይራራቁም፤ ባይገባኝ በወደድኩ። «አርፍዳ የመጣች ለቀስተኛ ናት» አሏትና እጇን ይዘው ወደ ድንኳኑ ወሰዷት።